ሊንከንን በሳምንት 70 ብር የተከራየሁባት ሱቅ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ አለች። ታፔላ የላትም። ምልክቷ በሩ ላይ በካርቶን የተደረደሩት የድሮ መጽሔቶች ናቸው። ትሸጣለች፣ ትገዛለች፣ ታከራያለች። የምጽፈው በተለይ ስለ ኪራዩ ነው። ባለፉት ሦስት ወራት አምስት መጽሐፍ ተከራይቻለሁ። አራቱን አንብቤ መለስኩ፣ አለቀ። አንዱ ግን ብመልሰውም ከልቤ አልወጣም፤ ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ስለ ሱቋ ግማሹ ስለዚያ መጽሐፍ ነው፣ ሁለቱን ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ማስያዣ 500 ብር ትሰጣላችሁ። ኪራዩ በሳምንት 70 ብር ነው፤ መጽሐፉ ወፈረም ቀጠነም ዋጋው አንድ ነው። ስትመልሱ ማስያዣው በሙሉ ይመለስላችኋል። መታወቂያ አይጠየቅም። ስማችሁና ስልካችሁ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ በቃ። አንድ ደህና የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አዲሱን ልግዛ ብላችሁ ዋጋ ጠይቃችሁ የምታውቁ፣ 70 ብር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሰባ አካባቢ ይመስለኛል። መጽሐፍ ከማንሳታቸው በፊት እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ልብ ወለድ ፈልጌ ነበር።

«ሥራሽ ምንድን ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ጠበቃ መሆኔን ስነግራቸው ወንበር ላይ ወጡና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱ። ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአብርሃም ሊንከን የሕይወት ታሪክ ነው።

«ፕሬዚዳንቱን ሁሉም ያውቀዋል» አሉኝ። «አንቺ ጠበቃውን እወቂው።»

ጥብቅና ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። ውሎዬ ልደታ ነው። መጽሐፉን ያነበብኩት በአብዛኛው ችሎት ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ የቀረውን ደግሞ ከልደታ ለገሃር በሚወስደኝ ቀላል ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። እና እውነቴን ነው፣ ስለዚህ ሙያ ከመምህር ያልሰማሁትን ብዙ ነገር አገኘሁበት።

ልጅነቱን ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ ከግንድ በተሠራ ጎጆ ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። ትምህርት ቤት የተማረበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። እኔን የያዘኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ22 ዓመቱ ኒው ሴለም የምትባል የኢሊኖይ መንደር ገባ። ከሸሪኩ ጋር ሱቅ ከፈተ፣ ሱቁ ከሰረ፣ ብዙም ሳይቆይ ሸሪኩ ሞተ፣ ዕዳው በሙሉ እሱ ትከሻ ላይ ወደቀ። ከፍሎ ለመጨረስ ዓመታት ፈጀበት። ለእንጀራ ብሎ የመንደሩን ፖስታ ቤት ያዘ፣ መሬት ለካ። በ1832 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ወደቀ። በ1834 እንደገና ተወዳድሮ አለፈ።

ሕግ የተማረው በውሰት መጽሐፍ ነው። ጆን ስቱዋርት የሚባል ጠበቃ መጻሕፍቱን አዋሰው። ስቱዋርት ያለው ስፕሪንግፊልድ ነው፣ ከኒው ሴለም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከፒያሳ ተነስቶ ሰበታን አልፎ እንደመሄድ ነው። መጽሐፍ ለመዋስ! ያንን መንገድ ሄዶ ይዋሳል፣ ያነባል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ይዞ ይመጣል። በዚያ ዘመን ኢሊኖይ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን የሕግ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ አልነበረም። እኛ አምስት ዓመት ተምረን፣ የመውጫ ፈተና ተፈትነን፣ ከዚያ ደግሞ ፈቃድ ለማውጣት ምን ያህል እንደምንለፋ አውቃለሁ፣ እና አላነጻጽርም። ግን አንድ ሰው ከራሱ ጋር ብቻ ሆኖ ያንን ደረቅ ነገር ገጽ በገጽ ሲገፋ ሳስበው ልቤ ይነካል። መስከረም 9 ቀን 1836 ፈቃድ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ስፕሪንግፊልድ ገባና ከዚያው መጽሐፍ ካዋሰው ስቱዋርት ጋር በሽርክና መሥራት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሃያ ምናምን ዓመት ነው የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል። አሁን እኛ ተዘዋዋሪ ችሎት የምንለው ዓይነት ነገር ነበራቸው። ዳኛውና ጠበቆቹ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበልግ፣ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው በፈረስና በጋሪ ይዞራሉ። ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው። ማደሪያ ቤቶቹ ስለሚጣበቡ ጠበቆች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ ቀን ችሎት ላይ የተፋጠጡት ሰዎች ማታ አንድ ብርድ ልብስ ይጋራሉ። ሊንከን ቁመቱ 193 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አልጋው እንዴት እንደበቃው እንጃ። ወረቀቶቹን የሚይዘው ረጅሙ ኮፍያው ውስጥ ነው። ቢሮው የተዝረከረከ ነበር፤ አንድ የወረቀት ጥቅል ላይ «ሌላ ቦታ ካጣኸው እዚህ ውስጥ ፈልግ» ብሎ ጽፎበታል። ጠረጴዛዬን ያየ የሥራ ባልደረባዬ ይህንን ሲሰማ ምን እንዳለኝ አልጽፍም።

ጉዳዮቹ ትልልቅ አይደሉም። በሕይወቱ ከአምስት ሺህ በላይ ጉዳይ ይዟል፤ አብዛኛው የዕዳ ክርክር ነው። አምስት ዶላር፣ አሥር ዶላር ይከፈለዋል። በአንጻሩ ለኢሊኖይ ሴንትራል የባቡር ኩባንያ ከካውንቲ ግብር ጋር የተያያዘ ትልቅ ክርክር ተከራክሮ በ1856 ረታለት፣ 5,000 ዶላር ጠየቀ፣ ኩባንያው አልከፍልም አለ፣ እሱም የገዛ ደንበኛውን ከሶ ገንዘቡን ተቀበለ። ይህንን ያነበበ ጠበቃ ሁሉ ደስ ይለዋል።

ለወጣት ጠበቆች ብሎ የጻፈው አንድ ማስታወሻ አለ። ክርክርን አታበረታቱ፣ ጎረቤቶች እንዲስማሙ ገፋፉ ይላል። ረታ የተባለው ሰው በወጪና በባከነ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ተረቺ መሆኑን አሳዩአቸው፤ ሰውን የሚያስታርቅ ጠበቃ መልካም ሰው የመሆን ዕድል አለው፤ ሥራ እንደሆነ አይጠፋም ይላል። እኛ አገር እርቅ ድሮም ያለ ነው፣ ሽማግሌ ሳይገባ የሚያልቅ ነገር የለም። ግን ቢሮ ከከፈትኩ ወዲህ ስንቱን «እስቲ መጀመሪያ ታረቁ» ብያለሁ? ይህንን ካነበብኩ በኋላ በውርስ ቤት የሚካሰሱ ወንድምና እህትን ለሽማግሌ እንዲቀመጡ ለመንኩ። ሁለት ጊዜ ተቀምጠዋል። ገና አልጨረሱም፣ ግን ተቀምጠዋል።

አሁን ስለ ሱቋ ወዳለኝ ቅሬታ ልምጣ፤ ከሊንከንም ጋር የተያያዘ ነው።

በ1841 ሊንከን ለኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያቀረበው አንድ ክርክር አለ። ናንስ የምትባል ጥቁር ወጣት ሴት ተሽጣለች። ገዢው በገንዘቡ ፈንታ የተስፋ ሰነድ፣ ማለትም ወደፊት እከፍላለሁ የሚል ወረቀት፣ ፈርሟል። አልከፍልም ሲል ተከሰሰ። ሊንከን ለገዢው ቆመ። ክርክሩ በወረቀት ላይ የዕዳ ክርክር ብቻ ነው፣ እሱ ግን ሥሩን ያዘው፦ በኢሊኖይ ሕግ ሰው ሁሉ ነፃ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ነፃ ሰው አይሸጥም፣ ስለዚህ ሰነዱ ፈራሽ ነው። ፍርድ ቤቱ ተቀበለው። ናንስ ነፃ ሆነች። ከሰነድ ተነስቶ ሰው ነፃ ማውጣት! ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳነበው ጮክ ብዬ «እሰይ» አልኩ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለአንድ ባልደረባዬ አወራሁለት። ሊንከን ገና ከጅምሩ በባርነት ከተያዙት ጎን ነበር አልኩት፣ በሙሉ ልብ። ከዚያ ማታ ቤት ገብቼ ገጽ ስገልጥ ከ140 ወደ 157 ዘለለ። 16 ገጽ የለም። ተገንጥሎ ወጥቷል። 157 የሚጀምረው ከዓረፍተ ነገር መሀል ነው፣ ሰውዬው የምክር ቤት አባል ሆኖ ዋሽንግተን ገብቷል።

ቅዳሜ ተናድጄ ሄድኩ። ማስያዣ ከፍዬ፣ ኪራይ ከፍዬ፣ የጎደለ መጽሐፍ! ጋሼ አልተከራከሩኝም። መጽሐፉን ተቀብለው ገጾቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልቆጥር ሰጠሁሽ» አሉ። የሳምንቱን ኪራይ መለሱልኝ። ለሌላ መጽሐፍ ሻጭ እዚያው ፊቴ ደወሉ፣ ለሌላም ደወሉ። በዘጠነኛው ቀን ስልኬ ጠራ። «ገጾችሽ መጥተዋል» አሉኝ። አራት ኪሎ ያለ አንድ ወዳጃቸው ያንኑ መጽሐፍ ይዞ ኖሮ፣ ራሳቸው ሄደው 16ቱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስነስተዋል። አንድ ብር አልተቀበሉኝም። በ70 ብር ኪራይ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ነጋዴ አላውቅም።

ገጾቹን እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። 1847፣ ጥቅምት ወር። ሮበርት ማትሰን የሚባል የኬንታኪ ባለ ባሪያ ኢሊኖይ ውስጥ እርሻ አለው። ለሥራ ብሎ ያመጣቸው ጄን ብራያንት የምትባል እናትና አራት ልጆቿ ወደ ደቡብ ሊመለሱ መሆኑን ሲሰሙ ሸሹ። ሁለት የአካባቢው ሰዎች አስጠለሏቸው። ማትሰን ይመለሱልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። የማትሰን ጠበቃ ማን ነው? ሊንከን። እነዚህ ሰዎች ኢሊኖይ የመጡት ለጊዜው እንጂ ለመኖር አይደለም፣ ስለዚህ ነፃ አይሆኑም ብሎ ተከራከረ። ከስድስት ዓመት በፊት ናንስን ያስፈታው ሰው ነው። ከሁለት ወር በኋላ ኮንግረስ የሚገባው ሰው ነው። ተረታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትና ልጆች ነፃ ወጡ።

ቀዘቀዝኩ። ለባልደረባዬ ያልኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ጠበቃ ለማንም ይቆማል የሚለውን አውቃለሁ፣ እኔም ስለ እሱ ብዙ ተከራክሬያለሁ። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማግኘት አለበት፣ ጥፋተኛም ይሁን። ይህኛው ግን ተከሳሽ አልነበረም። እናትን ከነልጆቿ ወደ ባርነት መልሱልኝ የሚል ሰው ነው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። እስከ ዛሬም አልዋጥልኝ ብሎኛል።

ፊቴን አይተው «ልትመልሺው ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«እንጃ» አልኳቸው።

«ገጾቹ ቢቀሩ ይሻልሽ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። 70 ብር ከፍዬ ለአንድ ሳምንት አራዘምኩ።

በማራዘሜ ደስ ይለኛል። ሊንከን አንድ ዙር ኮንግረስ አገልግሎ በ1849 ወደ ጥብቅናው ተመለሰ፤ ፖለቲካው ያለቀለት ይመስል ነበር። በ1854 ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች እንዲስፋፋ በር የከፈተው የካንሳስ ነብራስካ ሕግ ወጣ። ያኔ ተነሳ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፒዮሪያ ከተማ ላይ ረጅም ንግግር አደረገ። ባርነት ግፍ ነው አለ፣ በግልጽ። ግን ደቡቦችን ሰይጣን አላደረጋቸውም፤ እኛም በእነሱ ቦታ ብንሆን እንደ እነሱ በሆንን ነበር አለ። ይህንን ስደርስበት ማትሰን ትዝ አለኝ። የባለ ባሪያውን ክርክር በራሱ አፍ ተናግሮታል። ሌላው ወገን ምን ብሎ እንደሚያስብ፣ የት ላይ ሕግ እንደሚጠቅስ፣ የት ላይ እንደሚደክም ከውስጥ ያውቃል። ለማትሰን መቆሙን አላጸድቅለትም። ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ሊንከን ያንን ክርክር ይዞ የኖረ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1855 አንድ የማጨጃ ማሽን የፓተንት ክርክር ላይ ተቀጥሮ ሲንሲናቲ ሄደ። የታወቁት የምሥራቅ ጠበቆች ገፉት፣ አብሯቸው እንኳን አላስቀመጡትም። ከገፉት አንዱ ኤድዊን ስታንተን ነው። ሊንከን ተናዶ አልሄደም፣ ቁጭ ብሎ ክርክራቸውን ተከታተለ። በ1862 ያንኑ ስታንተንን የጦር ሚኒስትሩ አድርጎ ሾመው። እኛ አገር በዚያው እ.ኤ.አ. 1855፣ የካቲት ላይ፣ ካሳ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠዋል። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ዘመን አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

አንድ የምወደው ክርክር አለ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ግንቦት 7 ቀን 1858፣ ቢርድስታውን። ዳፍ አርምስትሮንግ የሚባል ወጣት በነፍስ ግድያ ተከሷል። ሊንከን ድሃ ሆኖ ኒው ሴለም ሲኖር የልጁ ወላጆች ቤታቸው እያስገቡ ያበሉት ነበር። አባትየው ሞቷል። እናትየው ሐና ለመነችው፣ ያለ ክፍያ ቆመ። ዋናው ምስክር ድብደባውን በሌሊት፣ ከሩቅ፣ በጨረቃ ብርሃን አየሁ አለ። ሊንከን በመስቀለኛ ጥያቄ አልጮኸበትም። ጨረቃዋ የት ነበረች? በደንብ ታያለህ? እርግጠኛ ነህ? ደጋግሞ አስባለው። ምስክሩ ራሱን በራሱ በደንብ ካሰረ በኋላ የጨረቃን መውጫና መግቢያ የሚጽፈውን የዓመቱን አልማናክ አወጣ። በዚያ ሰዓት ጨረቃዋ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ልጁ በነፃ ተለቀቀ። አያቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ተከራካሪን በገዛ ቃሉ ያስሩት ነበር ይባላል፤ ቢያዩት ያጨበጭቡለት ነበር።

በዚያው ዓመት ከስቲቨን ዳግላስ ጋር ሰባት ጊዜ በአደባባይ ተከራከረ፣ የሴኔቱን ወንበር ግን ዳግላስ ወሰደው። በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። እጩ እንዲሆን ከደከሙለት አንዱ በተዘዋዋሪ ችሎቱ አብሮት የዞረው ዳኛ ዴቪድ ዴቪስ ነው። የሰሜንና የደቡብ ግዛቶችን የእርስ በርስ ጦርነት አልተርክም፣ መጽሐፉ ላይ ግማሹን ይይዛል፣ እኔም ፈጥኜ ነው ያለፍኩት። የ1863ቱን የነፃነት አዋጅ ግን እንደ ጠበቃ አነበብኩት። ቋንቋው ደረቅ ነው፣ እንደ ውል። በጦር አዛዥነት ሥልጣኑ ላይ ብቻ የቆመ ነው፣ ስለዚህ ያመፁትን ግዛቶች ብቻ ይነካል፤ ታማኝ ሆነው የቀሩትን ባለ ባሪያ ግዛቶች አይነካም። ብዙ ሰው ለዚህ ይወቅሰዋል። እኔ ፍርድ ቤት እንዳያፈርስበት የሚጽፍ ሰው እጅ ታየኝ። አዋጁ ብቻውን እንደማይበቃም ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንዲሻሻል የገፋው። ባርነትን የሚሽረው ማሻሻያ ጥር 31 ቀን 1865 በ119 ለ56 ድምፅ ምክር ቤቱን አለፈ። በሚያዝያ ተገደለ። በታኅሣሥ ማሻሻያው ጸደቀ።

ከስፕሪንግፊልድ ሊወጣ ሲል ለቢሮ ሸሪኩ ለሄርንደን የነገረውም ከልቤ አልወጣም። ታፔላችንን አታውርደው፣ በሕይወት ከኖርኩ ተመልሼ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥብቅናችንን እንቀጥላለን አለው። አልተመለሰም።

ወደ ሱቋ። እንድታውቁት የሚገባ ጉድለት አለ። መብራቷ ደካማ ናት፣ ከሰዓት በኋላ የመጽሐፍ ጀርባ ለማንበብ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። መጻሕፍቱ በርዕስም በጸሐፊም አልተደረደሩም፣ ጋሼን መጠየቅ ነው። የአማርኛ የታሪክ መጽሐፍ በብዛት አለ፣ የአማርኛ የሕግ መጽሐፍ ግን እጅግ ጥቂት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትዘጋለች፣ ስለዚህ ቢሮ የምትውሉ ቅዳሜ ሂዱ፤ እሑድ ዝግ ነች። ዶፍ ዝናብ ከሆነ አትልፉ፣ በሩ ላይ ያለውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ መቆሚያ አይኖርም። ለማስያዣው ደረሰኝ አይሰጥም ነበር። ይህንን እንደ ጠበቃ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ነገርኳቸው። አሁን በሁለት መስመር ጽፈው፣ ቀን አድርገው፣ ፈርመው ይሰጣሉ። ካልሰጧችሁ ጠይቋቸው፣ አይቆጡም። መጽሐፍ ስትቀበሉ ደግሞ እዚያው ፊታቸው ገጾቹን ቁጠሩ።

ሊንከኑን መልሼዋለሁ። ከመመለሴ በፊት ግን 16ቱን ፎቶ ኮፒ በቦታቸው አስገብቼ ጥረዛ ቤት አስጠረዝኩት። ጋሼ የጥረዛውን በሁለት ሳምንት ኪራይ አካካሱልኝ። አሁን ሰማያዊ የጨርቅ ጀርባ አለው። ከበሩ በስተግራ፣ ከላይ የመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እንዳትወጡበት፣ እሳቸው ያወርዱላችኋል። ከገጽ 141 እስከ 156 ያለው ወረቀት ነጣ ብሎ ታገኙታላችሁ።